ከፈተናው በኋላ፣ ጣና ዳር

ልጆች ከፈተና ሲወጡ «ያቺን ጥያቄ ምን ብለህ መለስክ?» እየተባባሉ ማመሳከራቸውን ብዙ ወላጅ አይወድም። «ያለፈውን ተዉት፣ ለሚመጣው አጥኑ» ብለን እንገላግላለን። እኔ ግን በዚህ ክረምት ባሕር ዳር ካየሁት በኋላ፣ ያ ወሬ ራሱ ትልቅ ትምህርት እንደሆነ አምኛለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ አገር ቤት የምትመላለሱ እህት ወንድሞቼ በተለይ ስሙኝ።

ልጄ ተወልዳ ያደገችው ቨርጂኒያ ነው። ዘንድሮ ኤፒ ስታቲስቲክስ ወስዳ ነበር። ለማታውቁት፣ ኤፒ የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ገና እዚያው ሳሉ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት የሚወስዱበት ነው። ፈተናውን ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት በየዓመቱ በግንቦት ወር ይሰጣል፤ ውጤቱም ከ1 እስከ 5 ነው። ልጄ የተፈተነችው የስታቲስቲክስ ፈተና ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ነበር። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተኩል 40 የምርጫ ጥያቄዎች፣ በሁለተኛው አንድ ሰዓት ተኩል ደግሞ በጽሑፍ የሚብራሩ ስድስት ጥያቄዎች መጡ። ካልኩሌተር ይፈቀዳል፤ ፎርሙላውም ይሰጣል።

«ማሽኑ ካለ፣ ፎርሙላው ካለ፣ ታዲያ ምኑ ነው የከበደው?» አለኝ ወንድሜ። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። የሚከብደው ማስረዳቱ ነው። ቁጥሩን አግኝቶ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ቁጥሩ ስለዚያ በሽተኛ፣ ስለዚያ ፋብሪካ ወይም ስለዚያ መራጭ ምን እንደሚል በዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ ነጥብ ይቀነሳል። ስድስተኛው ጥያቄ ደግሞ ሆን ተብሎ ክፍል ውስጥ ያላዩት ዓይነት ነገር ይዞ የሚመጣ ነበር፤ እሱ ብቻውን ከጠቅላላው ውጤት 12.5 በመቶ ይይዝ ነበር። ልጄ ሰዓት ያለቀባት እዚያ ላይ ነው።

የምርጫ ጥያቄዎቹን ከፈተና በኋላ መነጋገር ክልክል ነው። የጽሑፎቹ ግን ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ይፋ ይደረጋሉ። ያን ቀን ማታ የልጄ ስልክ እረፍት አልነበረውም። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዱ «ቀላል ነበር» ብሎ ሁሉንም ያናድዳል፣ ሌላው ስድስተኛውን ባዶ ትቶ መውጣቱን ይናዘዛል። ልጄ ሁሉንም እያነበበች አንድም ቃል አልጻፈችም። እኔ የማታ ሥራ ስለምገባ፣ በሩ ላይ ቆሜ «እንዴት ሆነ?» ስላት «ደህና ነው እማ» ብላኝ ቀረች። በሐምሌ መግቢያ ውጤቱ መጣ፤ 3።

ሦስት ማለፊያ ነው። ባለፉት ዓመታት 3 እና ከዚያ በላይ የሚያመጡት ከተፈታኞቹ 60 በመቶ አካባቢ ናቸው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን እንደ ኮርስ የሚቆጥሩት ከ4 ጀምሮ ነው፤ እሷ የምትፈልገውም እንደዚያው። ይህን ኀዘን በሆዷ ይዛ ነው አውሮፕላን የተሳፈረችው።

ባሕር ዳር ስንደርስ የወንድሜ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ጨርሶ በወጣ ማግሥት ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ብዙ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ እንደሚፈተኑ ታውቃላችሁ። ቤቱ እዚያው ከተማ ውስጥ ሆኖ እሱ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አደረ። ስልክ የለም፣ የእናት ድምፅ የለም። እናቴ በእነዚያ ሌሊቶች እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ነገረችኝ።

ያን ዕለት ማታ ጓደኞቹ መጡ። ቡናው ሳይፈላ ወሬው ጦፈ።

«የፕሮባቢሊቲዋን ሲ ነው ያልከው?»

«ቢ ነው እንጂ! መልሶ ሳይተካ ነው እኮ የሚያወጣው።»

«በቃ ሄደች! መልሶ የሚተካ መስሎኝ ነው የሠራሁት።»

«እኔ የመጨረሻዎቹን በግምት አጠቆርኳቸው፤ ሰዓቱ አለቀ።»

አንዲት የጎረቤት ልጅ ቫሪያንሱን (ቁጥሮቹ ምን ያህል እንደተበታተኑ የሚለካውን) ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስት የተለያየ መልስ እንዳገኘች፣ አንዱም ከምርጫዎቹ መካከል እንዳልነበረ ስትናገር ሁሉም «እኔም!» አሉ። ያ «እኔም!» ፊቷን እንዴት እንዳበራው ብታዩ! ለካ ብቻዬን አይደለሁም የሚል እፎይታ ነበር። ልጄ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች። እዚህም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሳምፕሉ (ናሙናው)፣ ሚኑ (አማካዩ)፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የቫሪያንሱ ካሬ ሥር) ሁሉ ገብቷታል። ቀስ ብላ በተሰባበረ አማርኛዋ «እኔም ሰዓት አለቀብኝ» አለች።

ወንድሜ ሳቀ። «አንቺማ ምን አለብሽ የኔ ልጅ! አሜሪካ ወድቆ የቀረ ማን አለ?» አላት። ክፋት አልነበረውም። እሷ ግን እንደገና ዝም አለች።

የሁለቱ ሸክም እኩል ነው አልልም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። የወንድሜ ልጅ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያወርዳቸዋል። በዚያ ላይ በግጭቱ ምክንያት በክልሉ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ስንት እኩዮቹ ለፈተናው እንኳ አልደረሱም። የእኔ ልጅ ብትፈልግ በሚቀጥለው ግንቦት ልትደግመው ትችላለች፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን የአንዱ ልጅ መከራ ስለበለጠ የሌላው ልጅ ኀዘን ውሸት አይሆንም። እኛ በስደት ያለን ሰዎች ይህን ንግግር እናበዛዋለን። «አገር ቤት ያሉትን ልጆች አስቢ» እንላለን፤ ልጁም ከዚያ በኋላ ምንም ላለመናገር ይወስናል። ወንድሜን «ተዋት፣ ትናገር» አልኩት። የወንድሜ ልጅም ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው የመጣባችሁ?» ብሎ ጠየቃት።

ከዚያ በኋላ አላባራም። እሷ ፒ ቫልዩ (የታየው ውጤት በአጋጣሚ ብቻ የመምጣት ዕድሉን የሚለካ ቁጥር) ምን እንደሆነ ታስረዳዋለች፤ እዚህ በሁለተኛ ደረጃ አይማሩትም። እሱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን ከነካሬ ሥሩ በእጁ ሲሠራ እሷ አፏን ከፍታ ታያለች። ቨርጂኒያ ውስጥ በማታ ሥራዬ ምክንያት አንድም ቀን ያልሰማሁትን፣ ልጄ የተማረችውን ስታስረዳ፣ አባቴ ቤት ቁጭ ብዬ በአማርኛ ሰማኋት። እናቴ አንድም ነገር ሳይገባት «እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ» ትላለች።

በማግሥቱ ሐይቁ ዳር ወረድን። አንድ ሸምገል ያሉ አሳ አስጋሪ የደንገል ታንኳቸውን ጎትተው አውጥተው መረብ ይጠግናሉ። ልጆቹ ወሬያቸውን አላቋረጡም። ልጄ የናሙና ነገር ስታስረዳው ጣናን አሳየችው። «በሐይቁ ውስጥ ስንት አሳ እንዳለ እንዴት ታውቃለህ? 100 ይዘህ ምልክት አድርገህ ትለቃለህ። ሌላ ቀን 60 ትይዛለህ። ከ60ው 5ቱ ምልክት ካላቸው?»

«5ቱ ከ60ው ያላቸው ድርሻ፣ 100ው ከጠቅላላው ካላቸው ድርሻ ጋር እኩል ነው። 100 በ60፣ ለ5 ሲካፈል... 1200» አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ።

ሰውየው መረባቸውን አስቀመጡ። «ምን ዓይነት አሳ ነው የምትቆጥሩት?» አሉ። «ቆሮሶ ነው? አምባዛ ነው? ሁሉም አንድ ቦታ የሚቀመጥ መሰላችሁ? አሁን ክረምት ነው። ከአሳው ወገን ወንዝ ገብቶ እንቁላል የሚጥል አለ። ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ ይወጣል። ያን ጊዜ እዚህ መረብ ብትጥሉ ታገኙታላችሁ?»

ልጄ ደነገጠች፤ ደስ ብሏት ነው የደነገጠችው። ከእናቴ ቤት ይዛ በመጣችው ደብተር ላይ መጻፍ ጀመረች። ምልክት ያለባቸው አሳዎች ወደ ወንዝ ከወጡ፣ ከ60ው የሚገኙት 5 መሆናቸው ቀርቶ 2 ቢሆኑ፣ ስሌቱ 3000 ይላል። ሐይቁ ውስጥ አንድም አሳ ሳይጨምር ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ዘለለ! ስሌቱ የሚሠራው አሳው ሁሉ እኩል የመያዝ ዕድል ሲኖረው ነው። በልምምድ ወረቀቶቿ ላይ «ናሙናው ያዛባል» ብላ ጽፋ ታቆምና ግማሽ ነጥብ ታጣ ነበር። የሚፈለገው ወደየት እንደሚያዛባና ለምን እንደሆነ ነው። መምህሯ ዓመቱን ሙሉ የጮኸበትን ነገር ሰውየው በአንድ ጥያቄ አስገቧት። «ጋሼ፣ እርስዎ አምስት ነው የሚያመጡት» አለቻቸው። ምን ማለት እንደሆነ የወንድሜ ልጅ ሲነግራቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። በክረምት ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጉት ሰዎች አሳውን ከነዘሩ እያጠፉት እንደሆነ በብርቱ ነገሩን፤ ልጆቹም ያንን ጻፉት።

ከተመለስን ሰነባብተናል። የወንድሜ ልጅ ውጤት ገና አልወጣም፤ ቤቱ ሁሉ ጭንቅ ላይ ነው። ልጄ የምትልክለት ነገር አላት፦ የቀደሙት ዓመታት የኤፒ የጽሑፍ ጥያቄዎች ከነማረሚያቸው በነጻ ይገኛሉ፤ እያወረደች ትልክለታለች። እሱ ያለ ካልኩሌተር ሠርቶ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ እሷም በቀይ አርማ ትመልስለታለች። ፈተናውን በግንቦት ልትደግመው ወስናለች።

አሁን የሚከራከሩት በአሳው ቆጠራ ነው። እሱ ወንዞቹንና ሐይቁን ለየብቻ ከፍሎ መቁጠር ያስፈልጋል ይላል። እሷ ደግሞ አሳው ከወንዝ ከተመለሰ በኋላ፣ በበጋ፣ ሐይቁን ብቻ መቁጠር ይበቃል ትላለች። የወንድሜ ልጅ ነገሩን አሳ አስጋሪው ዘንድ ወስዶ እንዲፈርዱ ሊጠይቃቸው ነው።