ቶሎ ቶሎ ና

ከባለቤቴ ጋር በስምምነት ስንፋታ ልጃችን የ11 ወር ሕፃን ነበረች፤ ገና ጡት ትጠባ ነበር። እናቷ ደሴ ወላጆቿ ቤት ገባች፤ እኔ ሥራዬ ባለበት ኮምቦልቻ ቀረሁ። በመካከላችን ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሽማግሌዎቹ ፊት «እኔም አባቷ ነኝ» ብዬ ተከራክሬ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ማታ እኔ ዘንድ እንድታድር አስወሰንኩ። ፍትሐዊ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓርብ አልረሳውም። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ እቅፌ ውስጥ ተኝታ ነበር። ቤት ስንደርስ ነቃችና ዙሪያዋን ቃኘች። ጠረኑ፣ መብራቱ፣ አልጋው ሁሉ ባዕድ ሆነባት። ጡጦውን በመዳፏ ገፋችው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጋቢ አዝያት በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እል ነበር። ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ ወሰዳት፤ ተኝታም ሳጉ አልተዋትም። ደሴ ደግሞ እናቷ ጡቷ አግቶባት በትኩሳት አድራለች። በሦስተኛው ዙር ልጄ ገና በሩ ላይ ስታየኝ ፊቷን እናቷ አንገት ሥር ቀብራ ጮኸች።

እናቷ ልጄን እያስጠላችብኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ በሰው ፊትም ተናገርኳት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ነገሩን ያበረዱት የልጄ አያት ናቸው። ቡና አፍልተው አስቀመጡኝና «ልጄ፣ አልጠላችህም፤ አልለመደችህም እንጂ። ቶሎ ቶሎ ና» አሉኝ።

ዕቅዱን ከሥሩ ቀየርነው። ሌሊቱን ተውኩት። በምትኩ ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት ሦስት ሰዓት፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን እኔ ደሴ መውጣት ጀመርኩ። የፋብሪካው ፈረቃዬ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ወሩ ሳይገባ ሰዓቶቹን ጽፌ እሰጣታለሁ። የትራንስፖርቱ ወጪ ከበደኝ፤ የምተወው ሌላ ነገር ፈልጌ ቻልኩት።

በእነዚያ ሰዓታት እንግዳ ሆኖ ሶፋ ላይ መቀመጥ አይጠቅምም። ገንፎዋን እኔ አበላኋት፣ ገላዋን እኔ አጠብኳት፣ የቀን እንቅልፏን በእኔ ትከሻ ላይ ተኛች። መጀመሪያ ሳጥባት ውኃው ሲነካት ተንዘፈዘፈች፤ እጇን ይዤ ቀስ እያልኩ እግሯን ብቻ አጠብኩና በቃ አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ውኃውን በመዳፏ እየመታች ፊቴን አራሰችው። የ15 ወር የኩፍኝ ክትባቷንም ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ።

ከሁሉም ያስቸገረኝ መሰናበቱ ነበር። በእኛ አገር ልጅ እንዳያለቅስ ተደብቆ መውጣት የተለመደ ነው፤ እኔም ወደ ጓዳ ስትወሰድ ሹልክ እል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ገና ጫማዬን ስነካ እግሬ ላይ መጠምጠም ጀመረች። መቼ እንደምጠፋ ስለማታውቅ ሁልጊዜ መጠበቅ ነበረባት። አሁን ተንበርክኬ ዓይኗን እያየሁ «አባ ይሄዳል፤ ሐሙስ ይመጣል» እላታለሁ። ታለቅሳለች። ለቅሶው ግን አጭር ነው፤ ሐሙስም እመጣለሁ።

አንድ ዘመዴ «እስከ አምስት ዓመት የእናት ናት፤ ለምን ትደክማለህ» ብሎኝ ነበር። እሱ የሚለው በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ የነበረውን ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የቤተሰብ ሕግ የወላጆቹን ሁኔታና የልጁን ዕድሜና ጥቅም እንጂ ያንን አምስት ዓመት አይጠቅስም። ስምምነታችንን በሽማግሌ ፊት ብቻ አልተውነውም፤ ፍርድ ቤት አጸደቀው። ሁኔታ ሲለወጥ እንደገና ሊታይ መቻሉ ለሁለታችንም እፎይታ ሆኗል፤ በ11 ወር የተጻፈ ነገር ለሦስት ዓመት ልጅ አይሆንምና።

ኮምቦልቻ መውረድ የጀመረችው ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላት፣ ለቀን ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ አንድ ሌሊት አደረች፤ እናቷ የለበሰችውን ነጠላ ሳታጥብ ላከችልኝና ትራሷ ላይ አነጠፍኩት። ሹራቧን ግን ረስቼ፣ በኮምቦልቻ ሙቀት በስስ ልብስ የዋለችውን ልጅ ማታ ለደሴ ብርድ መለስኳት። ለሳምንት አስነጠሳት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር ከልጅቷ ጋር ይመላለሳል። ምን ሰዓት እንደተኛች፣ ምን እንደበላች፣ ሆዷ እንዴት እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደች ይጻፍበታል። እኔና እናቷ ፊት ለፊት ስናወራ ወደ አሮጌው ጥላችን እንንሸራተታለን፤ ደብተሩ ላይ ግን ስለ ልጅቷ ብቻ ነው የምንጽፈው። ባለፈው ቅዳሜ እናቷ «ሌሊት አንድ ጊዜ ነቃች። አንተን ጠራችና ተመልሳ ተኛች» ብላ ጽፋለች። በመጪው መስከረም መዋዕለ ሕፃናት ስለምትገባ የማክሰኞው ሰዓት ይጋጫል። አዲሱን ዕቅድ በኋለኛው ገጽ ላይ ጀምረነዋል፤ ሐሙስ ገና አልተሞላም።