ጓያ የያዘው እግር

እናቴ ሽሮ ልትገዛ ስትሄድ ከዋጋው በፊት የምትጠይቀው ነገር አለ። «ጓያ አልገባበትም አይደል?» ትላለች። ነጋዴዋ በሚካኤል ትምላለች። እናቴ ግን ቆንጠር አድርጋ ቀምሳ፣ ትንሽ አስባ፣ ከዚያ ነው ብሯን የምታወጣው። እሷ ደምቢያ ነው ያደገችው። ጓያ የሚባለው ጥራጥሬ የሰው እግር ላይ ምን እንደሚያደርግ በዓይኗ አይታለች።

ሰሞኑን ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ «በዓለም ላይ ያሉ እንግዳ በሽታዎች» የሚሉ ቪዲዮዎች በዝተዋል። ጡንቻው ወደ አጥንት የሚለወጥ ሰው፣ እጁ የዛፍ ቅርፊት የሚመስል ሰው። እኔም አያለሁ። ግን እንግዳ ከተባለ፣ ከእኛው ማጀት የሚነሳው በሽታ ለምን አይነሳም እያልኩ ቆየሁና ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት አያቴ ጋ እንሄድ ነበር። ከቤቷ አጠገብ በሁለት ከዘራ የሚሄዱ ሰውዬ ነበሩ። አባባ ነበር የምንላቸው። አካሄዳቸው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ጉልበታቸው ታጠፍ ብሎ፣ አንዱ እግር በሌላው ፊት እየተሻገረ፣ ልክ እንደ መቀስ፣ ተረከዛቸው መሬት ሳይነካ በጣቶቻቸው ብቻ ነበር የሚራመዱት። ኮንጎ ጫማቸውን አስታውሳለሁ። ጫፉ ተበልቶ ጣታቸው ይታያል፣ ተረከዙ ግን ዛሬ የተገዛ ይመስላል። ከወገባቸው በላይ ጤነኛ ነበሩ። እጃቸው ብርቱ ነው፣ ገመድ ይገምዳሉ፣ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። አእምሯቸውም ንግግራቸውም አንድ ነገር አልሆነም።

ይሄ በሽታ በሕክምና ስሙ ኒውሮላቲሪዝም ይባላል። ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚሉት መርዝ አለ። የህንድ ተመራማሪዎች ናቸው በ1964 እ.ኤ.አ. ለይተው ያወጡት። አንጎላችን ውስጥ የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ኦዳፕ እሱን ይመስላል። ሴሎቹም ተታለው ይቀበሉታል፣ ከመጠን በላይ ይነቃቃሉ፣ በመጨረሻም ይሞታሉ። በተለይ የሚጎዱት ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሱት ናቸው። ከሞቱ ደግሞ አይመለሱም። መድኃኒት የለውም። የጡንቻውን መገታተር የሚያላላ ነገር ይሰጣል፣ እንቅስቃሴም ይረዳል፣ እግሩ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል፣ አንዱ በአንድ ምርኩዝ፣ አንዱ በሁለት፣ የባሰበት በእጁ እየዳኸ።

ሽሮ በልቼ ሽባ እሆናለሁ ብሎ የሚፈራ ካለ ይረጋጋ። አንድ ቀን፣ አንድ ሳምንት ጓያ የበላ ሰው እንዲህ አይሆንም። የሚይዘው ከዕለት ምግቡ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ሆኖ ለሁለት ሦስት ወር የቆየውን ሰው ነው። እንደዚያ የሚበላ ሰው ደግሞ ማን ነው? ጎተራው ባዶ የሆነበት ሰው ነው። ወጣት ወንዶችን በብዛት ይይዛል፣ በተለይ ከባድ ሥራ ላይ ያሉትን።

አንድ ክረምት አባባን ጠየቅኳቸው። ልጅ ነበርኩ፣ ድፍረቱ ነበረኝ። በ1969 ዓ.ም. ገደማ ነው አሉኝ፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ። ቀኑን ሲያርሱ ውለው፣ ማታ ደህና ተኝተው፣ ጠዋት ሊነሱ ሲሉ ባታቸው እንደ ገመድ ተገተረ። ብርድ ነው ብለው አሹት። በሳምንቱ ከዘራ ያዙ። በዚያ ጊዜ ደምቢያና ፎገራ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ብዙ ሰው ተይዟል፣ በሐኪሞችም ተጠንቷል። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ውስጥ ደግሞ ወሎ ደላንታ ላይ ተመልሶ መጣ።

ለምን ጓያ ይዘራል ታዲያ? ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ሲሞት እሱ አይሞትም። መረሬ መሬት ላይ፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ይዘራል፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ውሃ ቢተኛበት ይችላል፣ ቢደርቅበት ይችላል። ማዳበሪያ አይልም፣ ብዙ አረምም አይልም። ፕሮቲኑ ከባቄላ አያንስም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ጓያው ድርቅ ሲያገኘው በውስጡ ያለው መርዝ ይጨምራል። ማለትም ሰዉ ከጓያ በቀር የሚበላው ባጣበት ዓመት፣ በዚያው ዓመት ነው ጓያው ይበልጥ የሚከፋው።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። ህንድና ባንግላዴሽ ያውቁታል። ስፔን ከእርስ በርስ ጦርነቷ በኋላ በራብ ዘመኗ አይታዋለች። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ በ1811 እና 1812 እ.ኤ.አ. ማድሪድ ስትራብ ሰዓሊው ጎያ (ስሙ ራሱ ይገርማል) የጓያ ገንፎ የሚጠብቁ ሰዎችንና ከፊታቸው መነሳት አቅቷት መሬት ላይ የተኛች ሴት ሠርቷል።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የቫፕኒያርካ ታሪክ ነው። ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ያለ ቦታ ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሩማንያ አስተዳደር ሥር ነበር። በ1942 እ.ኤ.አ. አይሁዳውያን እስረኞችን አምጥተው በየቀኑ 400 ግራም የሚሆን ጓያ ቀቅለው ይሰጧቸው ጀመር። የከብት መኖ ነበር። ጥቂት ወራት ሳይሞላ በመቶ የሚቆጠሩት እግራቸው ተያዘ። ከእስረኞቹ አንዱ ሐኪም ነበር፣ አርተር ኬስለር ይባላል። ጥፋቱ ከምግቡ እንደሆነ የደረሰበት እሱ ነው። እስረኞቹም ራባቸው እያለ አንበላም አሉ፣ አመለከቱም፣ በመጨረሻ ጓያው ቀረላቸው። የተጎዱት ግን እንደተጎዱ ቀሩ። ኬስለር ከጦርነቱ በኋላ እስራኤል ገብቶ እነዚያን ሰዎች ለብዙ ዓመታት ተከታትሏቸዋል።

በእኛ አገር ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የሚባሉ የነርቭ ሐኪም በዚህ ላይ ብዙ ደክመዋል። ገጠር ስትሄዱ ስለ ጓያ የሚወራው ሌላ ነው። እንፋሎቱ ነው የሚይዘው ይባላል። አያቴ ጓያ ስትቀቅል ልጆችን ከምድጃው ታባርር ነበር፣ ራሷም ፊቷን ታዞራለች። የሚጎዳው ግን እንፋሎቱ ሳይሆን ንፍሮው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት ንፍሮው፣ ቆሎውና እሸቱ ናቸው ይበልጥ የሚያሰጉት። ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ አደጋው በደንብ ይቀንሳል። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደርና ውሃውን መድፋትም ከመርዙ ይቀንሳል። ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ይህችን እባካችሁ ደውላችሁ ንገሩ። መርዙ ያነሰበት ዋሴ የሚባል ዝርያም ወጥቷል። ሌላም ንገሩልኝ፤ በሽታው አይተላለፍም፣ በዘር አይወረስም፣ እርግማን አይደለም። አባባ «የእነ እገሌ ቤት ነገር አለበት» እየተባለ ሁለት ጊዜ ሽምግልና ልከው ተመልሶባቸዋል።

ያኔ ሲያጫውቱኝ፣ ጓያ እንደሚይዝ አያውቁም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ገመዱን እየገመዱ፣ ቀና ሳይሉ መለሱልኝ። «እያወቅን ነው የበላነው ልጄ። ቤት ውስጥ እሱ ነበር ያለው።»

የዛሬ ጥቂት ዓመት ለጥምቀት ስሄድ ጫማ ይዤላቸው ሄድኩ። አዲስ አበባ አንድ ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ ጫፉ ላይ ወፍራም የጎማ ቁራጭ አስደርቤበት ነበር። ደስ አላቸው፣ እየደጋገሙ መረቁኝ። በአራተኛው ወር አክስቴ ስትደውል እንደ ዘበት ነገረችኝ። ጎማው አልቋል፣ ጣታቸው ወጥቷል፣ ተረከዙ ግን እንዳለ ነው።