ብርድ አገር የተቃጠለ ሪሌይ

ከቀትር በኋላ ሦስተኛው ዙር ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ወርክሾፕ፣ እዚያው የተሠራው የኤሌክትሪክ ምድጃ ከባሌስትራ የተቀጠቀጡ ስድስት መሮዎች ይዞ 830 ዲግሪ ላይ እንዲቆም ተሞልቷል። ረዳቱ ሰሌዳውን እያየ፣ «ጋሼ፣ የማሞቂያው መብራት ጠፍቷል፤ ቁጥሩ ግን እየወጣ ነው» አለ። 871፣ ከዚያ 902። ዋናው ብሬከር ሲወርድ 940 ደርሷል። ባለሙያው ልፋቱ በከንቱ እንዳይቀር ብሎ መሮዎቹን ዘይት ውስጥ ነከራቸው፤ ሁለቱ ተሰነጠቁ። የአንዱ ስብራት እንደ ጨው ፍሬ ያብለጨልጫል። ልኩን ያገኘ ብረት ስብራቱ አመድማና ልም ነው።

ያበላሸው ሶሊድ ስቴት ሪሌዩ፣ ማለትም የማሞቂያ ሽቦውን ኮረንቲ የሚያበራና የሚያጠፋው የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ነው። ይህ ዕቃ ሲቃጠል አብዛኛውን ጊዜ አገናኝቶ ይቀራል እንጂ አይቆርጥም። የሙቀት መቆጣጠሪያው ቢያጠፋውም ኮረንቲ ማሳለፉን ይቀጥላል።

የምድጃው ሽቦ 3.5 ኪሎ ዋት ነው፤ በ220 ቮልት 16 አምፒር ይስባል። ሪሌዩ ለእያንዳንዱ አምፒር 1 ዋት ወይም ትንሽ የሚበልጥ ሙቀት ራሱ ላይ ያስቀራል፤ ከ16 እስከ 20 ዋት መሆኑ ነው። ላዩ ላይ «40 አምፒር» ይላል፤ ያ ቁጥር ግን በቂ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ላይ ለታሰረና አካባቢው ላልሞቀ ሪሌይ ነው። እዚህ መቆጣጠሪያውና ሪሌዩ ያሉበት ሳጥን በአራት ብሎን በቀጥታ የምድጃው ላሜራ ላይ ታስሯል። ከአራት ሰዓት ሥራ በኋላ ውስጡ ሲለካ 62 ዲግሪ ሆነ፤ አብዛኞቹ መቆጣጠሪያዎች ከ50 በላይ አይፈቀድላቸውም።

ሲሠራ «በዚህ ብርድ ምን ያሞቀዋል» ተብሎ ነበር። ብርዱ ደጅ ነው፤ ሳጥኑ የሚሞቀው ከተለጠፈበት ግድግዳ ነው። ደግሞም ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ30 በመቶ አካባቢ ያንሳል። የሳጥኑ ፋን የሚገፋው አየር በሜትር ኩብ ያው ቢሆንም ሳሳ ያለ ነው፤ የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

መጀመሪያ ሁለተኛ ፋን ተጨመረ። 3 ዲግሪ እንኳ አልወረደም። የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ሳጥኑና ምድጃው የሚገናኙበት ጥግ ላይ ስለሆነ፣ ፋኖቹ ከግድግዳው የሚወጣውን ትኩስ አየር እየሳቡ ሳጥኑን ያሞቁት ነበር። የፋን እጥረት እንዳልነበረ በስሌትም ይታያል፦ ውስጥ የሚመነጨው 25 ዋት ብቻ ቢሆን፣ ከክፍሉ በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ በዚህ ከፍታ በሰዓት 11 ሜትር ኩብ አየር ይበቃዋል። ተራ የ12 ሳንቲ ሜትር ፋን የዚያን ብዙ እጥፍ ይነፍሳል።

ስለዚህ ሳጥኑ ከምድጃው ተነቅሎ ለብቻው በተበየደ የቱቦላሬ እግር ላይ፣ ከምድጃው በር ዝቅ ብሎ ቆመ። በመካከል አንድ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ላሜራ ተተከለ፤ ከሁለቱም ወገን 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት አለው፣ ላይና ታቹ ክፍት ነው። የሪሌዩ ማቀዝቀዣ ከሳጥኑ ጀርባ ወደ ውጭ ወጣ፤ ክንፎቹ ወደ ላይ የቆሙ ናቸው፣ ጋደም ካሉ ትኩሱ አየር መሃላቸው ይታፈናል። በሪሌዩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፓስታ በስሱ ይቀባል፤ ሲበዛ ሙቀት ያግዳል። ፋኑ ከታች በስፖንጅ ማጣሪያ በኩል ወደ ውስጥ ይነፋል፣ አየሩ በተቃራኒው ጎን ከላይ ይወጣል። ወደ ውስጥ መንፋቱ ሆን ተብሎ ነው፤ የግራይንደር ብናኝ ኮረንቲ ያስተላልፋልና በየስንጥቁ መግባት የለበትም።

ምድጃው ከጠፋ በኋላም ጡቡ ለሰዓታት ሙቀት ስለሚያወጣ የፋኑ መስመር ከኮንታክተሩ (የምድጃውን ኮረንቲ ከሚቆርጠው ትልቅ ማብሪያ) በፊት ተቀጥሎ በቴርሞስታት ይነሳል፣ ይቆማል። ኮንታክተሩን ደግሞ የራሱ ቴርሞካፕል (ከሁለት የተለያዩ ብረቶች ሽቦ የተሠራ የሙቀት መለኪያ) ያለው፣ 860 ላይ የተሞላ ሌላ መቆጣጠሪያ ይቆርጠዋል። ሪሌዩ ዳግም ቢጣበቅ የሚያድነው ይህ ነው።

ሳጥኑ 29 ዲግሪ ላይ ረጋ። ቀጣዩ ዙር ግን እንደገና የሚያብለጨልጭ ስብራት ሰጠ! ሰሌዳው ከ830 አልነቃነቅም፤ በሌላ መለኪያ ሲታይ ምድጃው 876 ነው። የኮንታክተሩ መቆጣጠሪያም ዝም አለ፤ የሱም ቴርሞካፕል ገመድ የተቀጠለው እንደ መጀመሪያው መቆጣጠሪያ ነበርና።

ሳጥኑ ሲርቅ ቴርሞካፕሎቹ በተራ የመዳብ ሽቦ ተቀጥለዋል። መቆጣጠሪያው ሙቀቱን የሚያሰላው የራሱን ተርሚናል ሙቀት መነሻ አድርጎ ነው፤ በመዳብ ሲቀጠል እውነተኛው መነሻ ምድጃው ላይ ያለው መቀጠያ ይሆናል። መቀጠያው 75፣ ሳጥኑ 29፤ ልዩነቱ 46 ነው፣ ምድጃውም በዚያው ልክ አለፈ። ሳጥኑ በበረደ ቁጥር ስህተቱ እየሰፋ ይሄዳል።

መዳቡ ወጥቶ እንደ ቴርሞካፕሎቹ የኬ ዓይነት የሆነ ማራዘሚያ ገመድ ገባ። በአውሮፓው ደንብ አረንጓዴው ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጌቲቭ ነው፤ በአሜሪካው ቢጫው ፖዘቲቭ፣ ቀዩ ኔጌቲቭ። ቀይ ሁሉ ፖዘቲቭ ነው ብሎ የለመደ ኤሌክትሪሺያን ገልብጦ ከቀጠለው ስህተቱ ከመዳቡ እጥፍ ይሆናል።