የ10 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ካሳ

ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት አባቴ በምድር ባቡር ይሠራ በነበረበት ዘመን ከድሬዳዋ ጅቡቲ ይዞኝ በወረደ ጊዜ ነው። ወደቡን ከሞሉት የብረት መርከቦች ይልቅ ዓይኔን የሳበችው በነፋስ ብቻ እየተገፋች ራቅ ብላ የምታልፍ አንዲት ባለሸራ ጀልባ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የባለሸራ ጀልባ ውድድሮችን ዜና ባገኘሁት መንገድ ሁሉ ስከታተል ኖሬአለሁ።

ስለነዚህ ውድድሮች ሲወራ በቅድሚያ የሚነሣው የአሜሪካ ዋንጫ ነው። አሜሪካውያን ለ132 ዓመታት ያላስነኩትን ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1983 አውስትራሊያውያን 3 ለ 1 ከተመሩ በኋላ 4 ለ 3 አሸንፈው መውሰዳቸው በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። ከልቤ ያልወጡት ግን በውድድር መካከል ጀልባቸውን ወደ ኋላ ያዞሩት ሰዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ፣ ፑሳን አጠገብ በተካሄደው ውድድር፣ ካናዳዊው ሎውረንስ ለሚዩ በሁለተኛነት ሲገሰግስ ጀልባቸው የተገለበጠባቸውን ሁለት የሲንጋፖር ተወዳዳሪዎች አየና መስመሩን ትቶ ከማዕበሉ አወጣቸው። ዳኞቹም በዚያ ዙር የለቀቀውን ሁለተኛ ደረጃ መለሱለት። የባለሸራ ጀልባ ውድድር ደንብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዝዘው አደጋ ላይ ለወደቀ ሰው የሚቻለውን እርዳታ ሁሉ መስጠትን ስለሆነ፣ በእርዳታ ምክንያት የጠፋ ጊዜ ወይም ደረጃ የሚካስበት ሥርዓትም አብሮት ተደንግጓል።

ይህ ሥርዓት ከሁሉ ጎልቶ የታየኝ ሰው ብቻውን፣ የትም ሳይቆም፣ ምድርን በሚዞርበት በፈረንሳዩ የቫንዴ ግሎብ ውድድር ነው። ኅዳር 30 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ከኬፕታውን ደቡብ ምዕራብ ርቆ በሚገኝ ባሕር ላይ የኬቨን ኤስኮፊየ ጀልባ በማዕበል ተሰበረችና ሰውየው ራሱን ለነፍስ አድን ታንኳ ሰጠ። በዕድሜ የገፋው ዣን ለ ካም ደረሰለት፤ ነገር ግን በከፍተኛው ማዕበል መካከል መልሶ አጣው። ሌሎች ሦስት ተወዳዳሪዎችም ለፍለጋው መንገዳቸውን አስተካከሉ። ከ11 ሰዓታት ገደማ በኋላ፣ በጨለማ፣ ለ ካም የታንኳዋን ብርሃን አይቶ ሰውየውን አወጣው። እ.ኤ.አ. በ2009 በዚያው ውድድር ኬፕ ሆርን አጠገብ የለ ካም ጀልባ ተገልብጣ እሱን ያወጣው ቬንሳን ሪዩ የሚባል ተፎካካሪው ነበር፤ የሪዩ ጀልባ ስምና ኤስኮፊየ የሰጠመባት ጀልባ ስም ደግሞ አንድ ነው፤ ፔ.ኤር.ቤ.። ይህንን ባነበብሁ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ለፍለጋው ከወጡት አንዱ ያኒክ ቤስታቨን ነበር። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. የመጨረሻውን መስመር ያለፈው ሦስተኛ ሆኖ ነው፤ ሆኖም ለፍለጋው ያዋለው ጊዜ ተሰልቶ 10 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ስለተቀነሰለት፣ ቀድሞ የገባውን ሻርሊ ዳላንን በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በልጦ አሸናፊ ተባለ። ዳላን ላይ በደል ተፈጽሟል የሚሉ ሰዎችን አልቀበላቸውም። ሰው ለመፈለግ የዋለ ሰዓት የውድድሩ ሰዓት ሆኖ ሊቆጠርበት አይገባምና።

ትናንት ማታ ሙቀቱ እንቅልፍ ስለነሳን ከአጎቴ ጋር ደጅ ተቀምጠን ይህንን ነገርሁት። አጎቴ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲወስድ፣ ሱቁ ከወንዙ ዳር ነበረ። ጨርቁን በጋሪ ጭኖ ማውጣት ሲችል የጎረቤታችንን አሮጊት ለማውጣት ተመለሰ። እማማን ተሸክሞ ከፍ ወዳለው ስፍራ ሲደርስ ሱቁም፣ ጋሪውም፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋቱም በዚያ አሸዋ ላይ አልነበሩም። ስለዚያ ሌሊት አንድም ቀን ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም።

ታሪኩን ዝም ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ስንት ሰዓት ቆጠሩለት አልከኝ?» ሲል ጠየቀኝ።

«10 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ አጋሼ።»

«ደቂቃውን ሳይቀር?»

«ደቂቃውን ሳይቀር።»

እንደገና እንድነግረው ጠየቀኝ፤ እኔም ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርሁት።