እጃቸውን ይዘው አይተዋል?

የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ክፍል ውስጥ ክርክር የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ታካሚው ከወጣ በኋላ ነው። ይሄኛው የተነሳው ግን ሴትዮዋ ገና ወንበሩ ላይ ሳሉ፣ ጄሉም ከእጃቸው ሳይጠረግ ነው።

ሬዚደንቱ፣ ገና ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለው ሐኪም፣ ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሷል። ቁጥሮቹን ብቻ ላየ ሰው ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። በአውራ ጣት በኩል ያለው የሚዲያን ነርቭ ከአንጓ እስከ ክርን 22 ሴንቲ ሜትር፤ የአውራ ጣት ጡንቻው የመለሰው ነርቩ አንጓ ላይ በኤሌክትሪክ ሲነካ በ5.6 ሚሊሰከንድ፣ ክርን ላይ ሲነካ በ11.0። ልዩነቱ 5.4 ነው፤ 220 ሚሊ ሜትር ለ5.4 ሲካፈል ወደ 41 ሜትር በሰከንድ ይመጣል፤ ክንድ ላይ የሚጠበቀው ደግሞ ከ50 በላይ ነው። በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልናር ነርቭ 43። ግራውም ቀኙም ያው። «ማይሊን (የነርቭ ክር ሽፋን) የሚጎዳ የነርቭ በሽታ» ብሎ ደመደመና ከሥሩ የአከርካሪ ፈሳሽ ምርመራ አዘዘ።

ኤሌክትሮዱን የምትለጥፈው ሲስተር ወረቀቱን አነበበችው።

«ዶክተር፣ እጃቸውን ይዘው አይተዋል?»

«ሰላም ብያቸዋለሁ።»

«ሰላምታውን አይደለም። እጃቸውን ነው ያልኩት።»

ቴርሞሜትሩን ከመሳቢያ አውጥታ የእጃቸው ጀርባ ላይ ለጠፈችው። 26 ዲግሪ። የእጅ ቆዳ 32፣ የእግር 30 ካልደረሰ መለካት እንደማይጀመር እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ የለም። ማወቅ ሌላ፣ መሳቢያውን መክፈት ሌላ።

«ማሽኑ ማስተካከያ አለው እኮ፣ ሲስተር» አለ። «ለአንድ ዲግሪ ወደ 2 ሜትር በሰከንድ ነው። ስድስት ዲግሪ ቢሆን...»

እዚህ ላይ ቆም አለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ስድስት ዲግሪ 12 ሜትር ነው፤ 41 ላይ 12 ሲጨመር 53። ለመከላከያ ያመጣው ስሌት ሪፖርቱን ራሱን አፈረሰበት። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅበት ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «ስሌቱ የተወሰደው ከጤነኛ ነርቭ ነው። የታመመ ነርቭ በዚያ ልክ ላይሄድ ይችላል። ውሃ ላሙቅ» ብላ ተነሳች። ቢሳቅበት ይሻለው ነበር።

የሚያስቆጨው ወረቀቱ ራሱ መናገሩ ነው። የትንሿ ጣት የስሜት ሞገድ ቁመት 62 ማይክሮቮልት ተብሎ ተመዝግቧል። ማይሊኑ የተጎዳ ነርቭ ምልክቱ በየክሩ በተለያየ ሰዓት ስለሚደርስ ሞገዱ ይበታተናል፣ ቁመቱም ይወርዳል። ዘግይቶም ቢሆን ረጅምና ወፈር ያለ ሞገድ የሚያመጣ ነርቭ ብዙ ጊዜ የበረደው ነው። ምክንያቱ ያለው ሶዲየምን ወደ ነርቩ ክር የሚያስገቡት በሮች ላይ ነው። ማይሊን በለበሰ ወፍራም ክር ላይ ምልክቱ የሚታደሰው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ እየተራራቁ ባሉ ክፍተቶች ነው። ሲበርድ በሮቹ ቀስ ብለው ይከፈታሉ፣ ይልቁንም ቀስ ብለው ይዘጋሉ። እያንዳንዱ ክፍተት ላይ የሚባክነው ሽርፍራፊ ጊዜ ከአንጓ እስከ ክርን ሲደመር ከሚሊሰከንድ በላይ ይሆናል። በሮቹ ተከፍተው ስለሚቆዩ ግን የሚገባው ሶዲየም ይበዛል፤ ሞገዱም ይተልቃል። የነርቭ ፍጥነት መጀመሪያ የተለካው በእንቁራሪት ላይ ነበር፤ ሄልምሆልትዝ በ1850 እ.ኤ.አ. ያገኘው 27 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። የእንቁራሪት ነርቭ የሚሠራው በክፍሉ ሙቀት ነው። የበረደ እጅም ቁጥሩ ወደዚያው ያዘነብላል።

ሴትዮዋ እስከ ክርናቸው ሙቅ ውሃ ውስጥ ገቡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ቆዳው 32 ሲያሳይ ከሥር ያለው ነርቭ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ደረቅ አድርጎ ማበስ ያስፈልጋል። እርጥበት ከቀረ ሁለቱን መቅጃ ኤሌክትሮዶች ያገናኛቸውና ሞገዱ ያንሳል ወይም ይጠፋል፤ ያኔ ደግሞ ሌላ የሌለ በሽታ ይጻፋል። ሲስተር መነሻውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋበት ስለነበር ርቀቱ ያው 22 ሆነ። ሞገዱ ማደጉን እስኪያቆም የኤሌክትሪኩን ጉልበት ጨመረች፣ ከዚያም በላይ ሃያ በመቶ አከለችበት።

አንጓ 4.6፣ ክርን 8.8፤ 52 ሜትር በሰከንድ። አልናሩ 55። የትንሿ ጣት ሞገድም ወርዶ 41 ማይክሮቮልት ላይ ቆመ። የአከርካሪ መርፌው በዚሁ ተሰረዘ።

ሬዚደንቱ ግን አንድ ነገር አየ፣ ይህን ልንነፍገው አይገባም። «4.6 አሁንም ብዙ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ከአንጓ እስከ ጡንቻው ባለው 8 ሴንቲ ሜትር ከ4.4 ሚሊሰከንድ ማለፍ የለበትም። ሲስተር ከመዳፍ ወደ አንጓ፣ በእኩል 8 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለቱን ነርቮች አወዳደረች፤ ሚዲያን 2.5 ሚሊሰከንድ፣ አልናር 1.9። ልዩነቱ ከ0.4 ካለፈ ሚዲያን አንጓው ላይ ተጨንቋል ማለት ነው፤ ካርፓል ተነል የሚባለው ሕመም። ይህ ንጽጽር ተመራጭ የሆነው ብርድ ቢኖር እንኳ ሁለቱን አብሮ ስለሚያዘገይ ነው።

ከዚያ ጥጥ አነሳችና ሁለቱ ነርቮች የሚጋሩትን የቀለበት ጣታቸውን በሁለቱም ጎን ዳሰሰች።

«እናቴ፣ ይሄ ይሰማዎታል?»

«በትንሿ ጣት በኩል ያለው አዎ። በዚህ በኩል ያለው ደንዝዟል።»

«ሌሊት ይቀሰቅስዎታል?»

«እጄን አራግፌ ነው የምተኛው። ይሄን እኮ ስገባም ተናግሬያለሁ።»

ማንም መልስ አልሰጣቸውም። አንጓቸውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የሌሊት ድጋፍ ታዘዘላቸው።

የመጨረሻው ሪፖርት «በጥያቄዬ መሠረት እጁ ከሞቀ በኋላ ምርመራው ተደግሟል» ይላል። የማን ጥያቄ እንደሆነ የፈረመው ሰው ያውቀዋል። ክፍሉም ቅጹ ላይ «የቆዳ ሙቀት» የሚል መስመር ጨመረ። መስመሩ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ቴርሞሜትሩ መሳቢያ ውስጥ በዋለበት ቀን ጭምር 32 ተብሎ ይሞላል። ሲስተር አሁን መስመሩን አታነብም። መጀመሪያ የትንሿን ጣት ሞገድ ታያለች፤ 60 አካባቢ ሆኖ ከዘገየ ወረቀቱን መልሳ ውሃ ታሞቃለች።