የዊንዶውስ ፓስወርድ ሲረሳ

መጀመሪያ ካፕስ ሎክን ይዩ። ከታች በቀኝ ጥግ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቆመም ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት፤ ትክክለኛውን ፓስወርድ «ተሳስቷል» የሚያስብለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አካውንቱ የማይክሮሶፍት ከሆነ ፓስወርዱን በስልክዎ ይቀይሩት። ኮምፒውተሩ ግን አዲሱን የሚቀበለው ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው፤ ዋይፋይ ሳያገናኙ መሞከር ልፋት ብቻ።

ሎካል አካውንት (በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ የተከፈተ) ከሆነ አንዴ ሆን ብለው ይሳሳቱ። ከሳጥኑ ሥር «ሪሴት ፓስወርድ» ይመጣል፤ አካውንቱ ሲከፈት የተሞሉትን 3 ጥያቄዎች ይጠይቅዎታል። ጥያቄዎቹ ካልተሞሉ፣ ፓስወርዱን ሊቀይርልዎ የሚችል ሌላ አድሚንም ከሌለ፣ ሺፍትን እንደያዙ ሪስታርት ይበሉ፤ ከትራብልሹት ውስጥ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ይገኛል። «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ግን ፎቶውንም ሰነዱንም ይጠርገዋል! አስቀድመው ሃርድ ዲስኩን አውጥተው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ይገልብጡ። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከተቆለፈ ያለ ባለ 48 አሃዙ ቁልፍ አይነበብም።