ጎንደር ለወፍ ብሎ መሄድ

ስለ ፋሲል ግንብ የፃፈ ሰው ብዙ ስለሆነ እሱን ልለፈው፣ እኔ የሄድኩት ለወፍ ነው። አይቢስ ለሚባሉት፣ እነዚያ መንቆራቸው ረጅም ሆኖ እንደ ማጭድ ወደታች የጎበጠው። ጓደኞቼ «ጎንደር ድረስ ለወፍ?» ብለው ስቀውብኛል ግን ለነዚህ ወፎች ከጎንደር የተሻለ ከተማ ያለ አይመስለኝም።

ጠዋት ከፒያሳ በባጃጅ ፋሲል መዋኛ ወረድኩ። በሩ ጋ ሳልደርስ ጩኸታቸው ተሰማኝ፣ ሃ ሃ ሃ ሃ፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየተቀበለው ሰፈሩን ቀወጡት። ጥበቃውን «ጋሼ ይሄ ምን የሚባል ወፍ ነው?» ስላቸው «ጋጋኖ ነዋ ልጄ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር፣ ምኑ ይታያል እሱ» አሉኝ። እንግዲህ ምኑ ይታያል የተባለው ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ አለም ላይ የትም የለም!

ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፣ ሲጠጉት ቡናማ፣ ፀሀይ ሲያገኘው ደግሞ አረንጓዴ ያብለጨልጫል፣ ስለዚህ በቀለም ብቻ ለመለየት መሞከር ትርፉ ድካም ነው። እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጉሮሮው ስር የምትንጠለጠለው ቀጭን ቆዳ (ገና ያላደጉት ላይ የለችም፣ ልብ በሉ)፣ ሌላው ክንፉ ላይ ወደ ትከሻው ያለው ነጭ፣ ሲበር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሲበርም አንገቱን ዘርግቶ ነው፣ አንገቱን ሰብስቦ የሚበር ካያችሁ አይቢስ አይደለም በቃ። ሳሩ ላይ ወርደው መንቆራቸውን መሬት ውስጥ እየሰኩ ትልና እጭ ሲለቅሙ ብዙ ቆሜ አየሁ። ይሄን ወፍ ለሳይንስ የገለፀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ) አገራችን መጥቶ ጎንደርም ተቀምጧል፣ ስሙን ያወጣለት በ1837 ነው።

ከሰአት ቁስቋም ወጣሁ። እቴጌ ምንትዋብ ያሰሩት ቤተ መንግስትና ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ፈንጣጣ የያዛቸውን ያስታመመውም እዚህ ነው። አስጎብኚው ብሩስን ከአባይ ምንጭ ጋር ብቻ ነው የሚያነሳው፣ ለኔ ግን ብሩስ የአይቢስ ሰው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የጥንት ግብፆች ያመልኩትና ሬሳውን ሳይቀር በጨርቅ ጠቅልለው ይቀብሩት የነበረው ወፍ የትኛው እንደሆነ ለአውሮፓ ሊቃውንት ጠፍቷቸው ነበር፣ ለእንስሳትና ለእፅዋት ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ትልቁ ስዊድናዊ ሊኒየስ ራሱ በ1758 አይቢስ የሚለውን ስም ለሳቢሳ፣ ለዚያች ከብት ተከትላ ለምትውለው ነጭ ወፍ ሰጥቷት አረፈው፣ በኋላ ደግሞ ላንድ ሽመላ ደገመው። ብሩስ «አቡ ሃኒስ» ብሎ የገለፀው ነጭ ወፍ፣ ጭንቅላቱና አንገቱ ጥቁር ሆኖ ላባ አልባ የሆነው፣ እሱ ነው የግብፁ አይቢስ አለ። በ1790 እንግሊዛዊው የወፍ አጥኚ ላታም ኤቲዮፒከስ ብሎ ስም አወጣለት፣ ቀጥሎ ፈረንሳዊው የእንስሳት ሊቅ ኩቪየ ከግብፅ የመጣ የደረቀ አይቢስ አጥንት አመሳክሮ ብሩስ ልክ መሆኑን አረጋገጠ። ይሄን የሚያክል ታሪክ ቁስቋም ላይ አንድ መስመር እንኳን ተፅፎ አለማየቴ ገርሞኛል።

ያንን ነጩን ለማየት በማግስቱ በአዘዞ በኩል ጎርጎራ ወረድኩ፣ 60 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱን ተዉት። ጣና ዳር ቆሞ አገኘሁት፣ ሲበር የክንፉ ጠርዝ ጥቁር መስመር ይሰራል፣ ከሌላ ጋር የሚምታታ አይደለም። የሚያምታታው ሃዳዳ የሚባለው ነው፣ የደጋው ጋጋኖ ዘመድ ስለሆነ በመልክም በጩኸትም ይቀርበዋል፣ ግን ጉሮሮው ስር የሚንጠለጠል ነገር የለውም፣ ጉንጩ ላይ ነጣ ያለች መስመር አለችው፣ የላይኛው መንቆሩም ቀላ ይላል። ሌላ ደግሞ ቀጭን፣ ጠቆር ያለ፣ ከሁሉም የሚያንስ አለ፣ ውሀ ውስጥ ተሰልፎ የሚለቅም፣ እሱ ፕሌጋዲስ የሚባለው ወገን ነው።

ባለጀልባው ልጅ ግን ባንዱ ነገር አላምን አለኝ። መንቆሩ ጫፍ ላይ እንደ ማንኪያ የሰፋውን ነጭ ወፍ እያሳየሁት ይሄም የአይቢስ ቤተሰብ ነው ስለው «ወንድሜ ቀልድህን ነው?» አለኝ። ቀልድ አይደለም፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ድሮ ሁሉንም ከሽመላ ጋር ይመድቧቸው ነበር፣ ዲኤንኤ ሲታይ ግን ወደ ፔሊካን ወገን ተዛወሩ፣ ወደዚያ መንቆሩ ስር ትልቅ ከረጢት ወዳለው የውሀ ወፍ። ፔሊካኑን ሳሳየው ጭራሽ ሳቀ፣ ሂሳቡን ግን አልቀነሰልኝም።